በወንዶች በር በኩል

ልጆቹ ንገሩን ብለው ያዙኝ። ልጆቹ የምላቸው የሰንበት ተማሪዎቹን ነው፤ የልጄ ልጅ ሳምራዊትም አብራቸው ናት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢዬ ድረስ መጥተው፣ በረንዳዬ ላይ እንደ ወፍ ተደርድረው፣ «እማማ ዘነበች፣ ስለ ጋሽ ደጀኔ ይንገሩን፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቃቸው ሰው አልቀረም» አሉኝ። አልቀረም ሲባል መስማት ደስ አይልም፤ እውነት ነው ግን። አንዷ ስልኳን አውጥታ ልትቀዳኝ ስትል እምቢ አልኩ። ድምፄ ተቀድቶ ስሰማው የሌላ አሮጊት ይመስለኛል። «ራሴ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው። ተያይተው ሳቁ። ይሳቁ። ተማሪ ቤት ገብቼ ባላውቅም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጥሬአለሁ። እጄ ቀስ ይላል፣ ወሬዬም መንገድ ይስታል፤ የሚያነብ ሰው ይታገሠኝ።

ደጀኔ የሞተ ጊዜ እኔ ሐዋሳ አልነበርኩም። ልጄን ላርስ ሻሸመኔ ሄጄ ነበር። ጎረቤቴ ደውላ ስትነግረኝ የጨቅላውን ልብስ እያጠፍኩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ልብስ ስዘረጋና ሳጥፍ ቆየሁ። ሻሸመኔና ሐዋሳ ጎን ለጎን ናቸው፤ ቢሆንም ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ዕድሩ ነው የቀበረው፤ ወግ አልቀረበትም፣ ድንኳንም ተጥሎለታል። ግን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ልቅሶ የሚቀበል ዘመድ የለም። ለቀስተኛው ገብቶ ማንን እግዚአብሔር ያጽናህ እንደሚል ጠፋው። ጎረቤቴ እንዳለችኝ፣ መጨረሻ ላይ ሰዉ እርስ በርሱ ተባባለና ወጣ።

እናንተ ጋሽ ደጀኔ ትሉታላችሁ፤ እኔ በዕድሜ ስለምበልጠው ደጀኔ ነው የምለው። ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ብስክሌት ይጠግን ነበር። ያኔ ከተማው በብስክሌት ነበር የሚሄደው፤ ባጃጁ እንዲህ አልወረረንም። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ አንገቱን ወደ ፊት ሰበር አድርጎ ነው የሚራመደው። የሰፈሩ ልጆች፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች ስለሚመስላቸው፣ «አባ ኮዳ» ይሉታል። ሲሉት አይቆጣም። ክንዱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ እግሩን እያነሳ እየጣለ ያባርራቸዋል። ልጆቹ ይህንን ስለሚያውቁ ደግመው ይመጣሉ።

እኔ ጋ የመጣው ባለቤቴ በሞተ ማግሥት ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ይሄው ግቢዬ ያኔ ድንገት ባዶ ሆነብኝ፤ ልጆቼ አንዱ ወላይታ፣ አንዷ ሻሸመኔ፣ ሌላው አዲስ አበባ ተበትነው ነበር። ከኋላ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሰው ይግባባት ብዬ ለጎረቤት ነገርኩ። ደጀኔ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ሁለት ዱካ ይዞ ገባ። ሁለቱ ዱካ ነው እንግዲህ ነገሩ። ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ሁለቱንም ደጁ ላይ ያወጣል። አንዱ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ፊት ለፊቱ ባዶውን ይቆማል። ሲመሽ ሁለቱንም ያስገባል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ እንግዳ ትጠብቃለህ እንዴ አልኩት።

«ድንገት ቢመጣስ፣ እትዬ» አለኝ። ማን እንደሆነ አልተናገረም።

ሚስት አግባ ብዬ ያልነዘነዝኩት ቀን የለም። ጨዋ ልጅ አውቅልሃለሁ፣ ሽማግሌ እኔ እፈልግልሃለሁ እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። «ሽማግሌ ሲላክ የማን ልጅ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ የአባቴን ወገን እቆጥራለሁ፣ የእናቴ ጋ ስደርስ አፌን ይዤ እቆማለሁ» ይለኛል። ስሟን ያውቃል፣ አስናቀች ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የለም። ገና አፉን ሳይፈታ ነው የሞተችበት። አባቱ ግንበኛ ነበሩ፤ ከሰሜን የመጡት የኛን ቤተ ክርስቲያን ጡብ ሊደረድሩ ነው። በጣም ዝምተኛ ሰው ነበሩ አሉ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ስሟን አንስተው አያውቁም። ልጁ ሲጠይቅ «ውኃ አምጣልኝ» ይሉታል፤ አምጥቶ ሲመለስ ጥያቄው አልፏል።

ፎቶውን ያሳየኝ ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ጾም ነበር። ዝናቡ አላስወጣ ብሎት ቤት ውሏል። እኔም ብቻዬን ከምቀመጥ ብዬ ስፌቴን ይዤ ደጁ ሄድኩ። ባዶው ዱካ ላይ ልቀመጥ አልደፈርኩም፣ ደፉ ላይ ቁጢጥ አልኩ። አየኝ፣ ዱካውን ጎትቶ አስጠጋልኝና «እስቲ ዛሬ እርስዎ ይሁኑ» አለኝ። ከዚያ ተነስቶ እጁን በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ የግራሶ እጅ ነው፣ ያም ሆኖ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አይለቅም። ከአልጋው ራስጌ በሁለት መስታወት መካከል የተቀመጠ ፎቶ አውርዶ ጭኔ ላይ አኖረልኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ናት። እናንተ የምታውቋት ተለስና ቀለም ከተቀባች በኋላ ነው፤ ያኔ ጡቧ ራቁቱን ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቅላቱ አይታይም እንጂ ድርድሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጣሪያ የላትም። ከኋላዋ ሣርና ግራር ብቻ ነው፤ መንገድ የለ፣ ሱቅ የለ፣ ሐዋሳ ገና የለችም። ግንበኞቹም ሠራተኞቹም በፊቷ፣ በምዕራብ በኩል ተሰልፈዋል። መሐል ላይ አንድ ቄስ አሉ፤ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው መስቀል።

«እኚህ አባት በግራ እጃቸው ነው እንዴ የሚያሳልሙት?» አልኩት።

«ቀኛቸው መቋሚያ ይዞ የለ። ደክሟቸው ይሆናል፣ እትዬ፤ ፀሐዩን አያዩትም» አለኝ። ሳቅን።

ከዚያ ጣቱን ፎቶውን ሳያስነካ በግራ በኩል ወዳለው ጥግ ወሰደው። ከሰልፉ ተነጥሎ፣ ከግድግዳው ማዕዘን አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። ፊት የለውም። የሌላው ሰው ዐይንና አዝራር ሳይቀር ጥርት ብሎ፣ እሱ ብቻ እንደ ጉም ነው። ነጭ ነገር ለብሷል። ጀርባው ላይ ጉብ ያለ ነገር አለ።

«ይቺ እናቴ ናት» አለ ደጀኔ። «ጉብታው እኔ ነኝ።»

እንዴት አወቅህ ማለት ከበደኝ። ሳልጠይቀው ነገረኝ። አባቱ በታመሙበት ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ለጉዳይ አብረው ገብተው ነበር። ይህ ፎቶ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባትየው ትንሽ አዩትና «ያን ዕለት እናትህም ነበረች፤ አንተን አዝላ» አሉ። ያንኑ ብቻ። የት ጋ ናት ሲላቸው ሳል ያዛቸው፣ ከዚያም ጸሐፊው ጠራቸው፣ በኋላም እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ደጀኔ የቢሮውን ፎቶ ለምኖ አወረደና ፎቶ ቤት ወስዶ ለራሱ አንድ አስነሳ። ያ ነው እንግዲህ ጭኔ ላይ ያለው። በፎቶው ሌላ ሴት የለችም፤ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው ያችን ጉም ብቻ ነው።

ጎማ ሲለጥፍ አይታችሁት ከሆነ ታውቃላችሁ። የተነፈሰውን ጎማ ሳፋ ውኃ ውስጥ ይነክርና አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይጠብቃል። አይቸኩልም። ሌላው ጠጋኝ ቀዳዳ የለውም ብሎ የመለሰውን እሱ ጋ ያመጡታል፣ ያገኘዋል። ፎቶውንም እንደዚያ ነበር የሚያየው። አጠገቡ ስሆን ትንፋሹን እንኳ አልሰማም ነበር።

ፎቶ ቤት ያሉት ሰውዬ የድሮ ካሜራ ቀርፋፋ ነው፣ የተንቀሳቀሰ ሰው ይሟሟል ብለውታል። «ፎቶ ዝም ይላል እንጂ አይዋሽም» ይል ነበር ደጀኔ፤ አዘውትሮ የሚላት ነገር ናት። «ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። አነሺው አትንቀሳቀሱ ብሏቸዋል። እሷን ታዲያ ምን አንቀሳቀሳት?»

እኔ መልስ ልሰጠው አልነበረም። ሰውነቴ ነው የመለሰለት። ተነስቼ ስፌቴን እንደ ልጅ በጀርባዬ ይዤ፣ ከእግር ወደ እግር ወዝወዝ አልኩለት። ልጅ ያዘለች ሴት ቀጥ ብላ አትቆምም አልኩት። ልጁ ባያለቅስም እግሯ አያርፍም። እኔ ልጆቼ ትዳር ከያዙ በኋላ እንኳ ለዘይት ወረፋ ስይዝ ሳላውቀው እወዛወዛለሁ፤ ኋላዬ ያሉት ይስቁብኛል።

ደጀኔ እኔን አየ፣ ፎቶውን አየ። ደግሞ እኔን አየ።

«እንግዲያው እያለቀስኩ ነበር ማለት ነው» አለ።

«ይሆናላ።»

«ዝም አስብላኛለች?»

«አስብላሃለች እንጂ» አልኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ከዚያ በኋላ ልቡ ጠና መሰለኝ፣ ሰው መጠየቅ ጀመረ። የድሮ ሰው አለ በተባለበት ሁሉ በብስክሌቱ ይሄዳል። አንድ የሲዳማ ሽማግሌ አገኘ፤ በልጅነታቸው ለጡቡ ማቃጠያ እንጨት ያመላልሱ ነበር። እሳቸው በሲዳምኛ፣ የልጃቸው ልጅ በአማርኛ፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ለግንበኞቹ ውኃ ታመጣ እንደነበር ነገሩት። ስሟን አያውቁትም። መልኳን ሲጠይቃቸው፣ ሰው ሲያያት መሬት መሬት የምታይ ነበረች አሉት። ይህችኑ ይዞ ሲመጣ ከበሩ ጀምሮ «እትዬ! እትዬ!» እያለ ነው የገባው፤ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌው በሚቀጥለው በጋ አረፉ።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ። ቤተ ክርስቲያኗ የተመሠረተችበት በዓል ሊከበር ኮሚቴ ተቋቋመ። የቢሮውን ፎቶ በትልቁ አሳድገው አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅሉት፣ ከሥሩም የእያንዳንዱን ሰው ስም ሊጽፉበት አሰቡ። የሚያውቅ ይምጣ ተብሎ በዐውደ ምሕረት ተነገረ። ደጀኔ ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አለው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከጉሙ ሥር «አስናቀች ከልጇ ጋር» ተብሎ እንዲጻፍ። ለማንም ምንም ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው። ኮት ተውሶ ለበሰ፤ እጅጌው አጠረው። አብረውኝ ይሂዱ አለኝና ሄድን።

ሰብሳቢው አቶ ሰሎሞን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ለሰው የሚያስቡ ሰው። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም እዚያ፤ ይሄንን አጥብቄ ልጻፈው። ሽማግሌዎቹ ፎቶውን ከበው፣ ይሄ የእገሌ አባት ነው፣ ይሄ እንኳን ሥራ ላይ ምሳ ላይም ይተኛ ነበር እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ቄሱንም ለዩአቸው። አንዱ ጠላ ሲያገኙ እንዴት እንደሚባርኩ አስመስሎ አሳየ። ደስ የሚል ከሰዓት ነበር። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ደጀኔ ተነሳና በቀስታ፣ ልክ እኔ ጋ እንዳለው፣ እናቴ ናት አለ።

ከዚያ እማሆይ ብርሃኔ ዐይናቸውን አጥብበው አዩ። እሳቸው ልጃገረድ ሆነው እዚያው ጭቃ ያመላለሱ ናቸው፤ ያን ቀን ለፎቶው ባይኖሩም ሥራውን ያውቁታል።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ በወንዶች በር በኩል ነው» አሉት።

እንግዲህ እዚህ ጋ ለማያውቅ ልናገር። ቤተ ክርስቲያኗን ከምዕራብ፣ ከፊቷ ቆማችሁ ስታዩአት በግራችሁ ያለው ሰሜኑ ነው፣ የወንዶቹ በር። በቀኛችሁ ደቡቡ ነው፣ የኛ የሴቶቹ። ዛሬ ግቢው ውስጥ ልጆች እንደ ልብ ይዘዋወራሉ፤ ያኔ ግን፣ እማሆይ እንዳሉት፣ ገና ግንቡ ሳያልቅ ጀምሮ ሴት በወንዶቹ በኩል ዝር አትልም ነበር። ውኃና ጭቃ ሲያመላልሱ እንኳ በደቡብ ዞረው ነው። ሌሎቹም ትዝ አላቸው፣ እውነት ነው አሉ። አንዱ፣ ጋቢ ያጣፋ ግንበኛ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው የዕቃ ከረጢቱ ነው አለ። ሁሉም አሁን ከረጢት ታያቸው።

«ግንበኛ ከሆነ ለምን ይወዛወዛል?» አለ ደጀኔ። ሰዎቹ ፈገግ አሉ፤ በክፋት አይደለም። እኔ ተነሳሁ። ያኔ እሱ ጋ ያደረግኩትን፣ ልጅ የማዘሉን፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደግሜ አሳየሁ። አቶ ሰሎሞን በአክብሮት አዳመጡኝና፣ እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ ሐዋሳ የመጡት ቤተ ክርስቲያኗ ካለቀች በኋላ አይደል እንዴ አሉኝ። አዎ አልኩ።

«ደጀኔ፣ ብጽፍልህ ደስታዬ ነው» አሉ አቶ ሰሎሞን። «ግን ለሁልጊዜ የሚሰቀል ነገር ነው። በወንዶች በር በኩል የሴት ስም ጽፌ፣ ነገ የሚያየው ሰው ምን ይለኛል?»

ደጀኔ አፉን ሊከፍት ነበር። የሽማግሌውን፣ የውኃ ቀጂዋን ነገር ሊነግራቸው እንደሆነ አውቄአለሁ። እማሆይ ቀደሙት። እጁን ይዘው፣ በፍቅር፣ እንዲህ አሉት፦

«አፈር ለበላት እናትህ አስብላት፣ ልጄ። ሥርዓት የማታውቅ ሴት አታድርጋት።»

ልክ ጎማ ሲተነፍስ እንደምታዩት፣ ትከሻው ወረደ። የያዘውን ፎቶ አየ። ሰውን ሁሉ መከራከር ይችል ነበር፤ ብቻውን ሆኖ መኖር ለምዷል። ግን ፎቶው ላይ ያለችው እሷ ናት ቢል ክብሯን ሊያስወስድባት ነው። የማያውቃትን እናቱን ሰው ፊት አቁሞ ሊያሳማት።

«እንግዲያው እሷ አይደለችም» አለ። «አቶ ሰሎሞን፣ እንደሚመስልዎ ይጻፉት።»

«ያልታወቀ ሠራተኛ» ተብሎ ተጻፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ ብስክሌቱ ላይ አልወጣም፣ እየገፋ ከኔ ጋር ሄደ። ስለ እናቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አስፋልቱ ተበልቷል፣ እዚህ ጋ ቱቦ ሊቀብሩ ነው፣ የዚያ ሰውዬ አጥር ዘመመ ይለኛል። እኔም አዎ፣ አዎ እላለሁ። ያን ማታ ደጁ ላይ አንድ ዱካ ብቻ አወጣ። ክፍሉን አልፌ ሳይ ፎቶው ራስጌው ላይ አለ፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮታል።

ያን ጊዜ ቢያለቅስ ወይም ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ሥራውን ሄደ፣ ልጆቹን በክንዱ አባረረ፣ ሬዲዮውን ሰማ። የተለወጠ ነገር የለም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ዱካውን አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን እኔው የራሴን ወንበር ይዤ ሄጄ ፊት ለፊቱ እቀመጥ ነበር፤ ስለ ዋጋ መወደድ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማኛል፣ ይመሻል።

ከሁሉ የማልረሳው አንድ ቅዳሜ ነው። ሐይቅ ዳር ለአንድ ሆቴል ብስክሌቶች ሊጠግን ተጠርቶ፣ እኔም ዓሣ ልገዛ አሞራ ገደል ገበያ ወርጄ ተገናኘን። ሙሽሮች ሐይቁን ከኋላ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ፤ ቅዳሜ አይደል፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል። ፎቶ አንሺው ሙሽራዋን አትንቀሳቀሺ እያለ ይጮሃል፤ እሷ ደግሞ ነፋሱ ቬሎዋን እየወሰደባት ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ደጀኔ ቆሞ ያያታል። ከዚያ፣ ስለ ነገሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ ያ ሰውዬ ግን ማን ይሆን?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ጥጉ ጋ የቆመው። እሱንም እኮ የሚፈልገው ልጅ ይኖር ይሆናል። እኔ እናቴ ናት እያልኩ ስንት ዘመን ያዝኩበት።»

ሰው እናቱን ተቀምቶ ስለ ቀማው ሰው ልጅ ሲያዝን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ዓሣዬን ተቀበለኝና የብስክሌቱ መያዣ ላይ አሰረው፣ እስከ ቤት ድረስ ገፋልኝ።

ከሻሸመኔ ተመልሼ ክፍሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፍራሹ፣ ሬዲዮው፣ ሁለቱ ዱካ አሉ። ፎቶው ግድግዳውን እንዳየ ነው። አውርጄ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግሁና የኔ ክፍል፣ ከባለቤቴ ፎቶ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ሰው አድርጌ ሰቀልኩት። ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ ግድግዳ እያየ አይኑር ብዬ ነው። ዱካዎቹ በረንዳዬ ላይ ናቸው፤ ልጆቹ እሑድ ዕለት ሁለቱ የተቀመጡባቸው እነሱ ናቸው። አልነገርኳቸውም።

ደጀኔ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው። አቶ ሰሎሞንም እማሆይም አሁን የሉም። ዘንድሮ ያንን ፎቶ ያነሳው ሰው ልጅ ከሌላ አገር ለዘመድ ጥየቃ መጥታ፣ የአባቷን ፊልሞች በቆርቆሮ ሣጥን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰጠች። ልጆቹ ያንኑ የቤተ ክርስቲያኗን ፎቶ ከዋናው ፊልም አሳትመው፣ በአሮጌው ፈንታ አዳራሹ ውስጥ ሰቀሉት። ግድግዳውን ያህላል። ስሞቹ ገና አልተጻፉበትም። ሳምራዊት እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ቄሱን ነው። መስቀሉን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል።

ዐይኔ ነው ብዬ ቀረብኩ። መቋሚያው በግራ ነው። ሳምራዊትን ጠየቅኋት። ፊልም ፊትና ጀርባ እንዳለው፣ ድሮ የቢሮውን ያተመው ሰው በጀርባው አስቀምጦት ግራና ቀኙ ተለዋውጦ እንደወጣ፣ በፊልሙ ጠርዝ ያለው ቁጥር ቀጥ ብሎ ሲነበብ ትክክሉ ይሄ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳችኝ። እኔ ግን ግማሹን አልሰማኋትም፤ ወደ ግራው ጥግ፣ ወደ ወንዶቹ በር በኩል እየሄድኩ ነበር። እዚያ ጡብ ብቻ ነው፤ የቆመ ሰው የለም።

ተመልሼ ግድግዳውን ሙሉ ተሻገርኩ። ጉሙ ያው ጉም ነው፤ በትልቁም ፊት የለውም። ጉብታው ጀርባው ላይ አለ። የቆመችው ግን በቀኝ በኩል ነው፣ በደቡብ፣ በሴቶች በር።